አራት ሳጥን በአንድ ደረጃ ላይ

በአማርኛ ኮሚክ ለመሥራት የተነሣ ሰው ሥዕሉን ጨርሶ ንግግሩን በተረፈው ቦታ እጽፋለሁ ካለ፣ ቦታ አይተርፈውም። እኔ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራት አጭር የሥዕል ታሪክ መልኳን ያገኘችው ከእርሳሱ ይልቅ ከፊደሉ ነው፤ ይህንም የምጽፈው እጃቸው ሥዕል የሚወድ፣ ግን ከየት እንደሚጀምሩ የሚያመነቱ ሰዎች ስለማይጠፉ ነው።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የሚካሄደው በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። አራት ሳጥኖች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ፎቅ ነው። ውኃ በጠፋ ቀን ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣ ሴት፣ ከታች ሆኖ የሚጣራ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ተከራይ እያስከተለ የሚመላለስ ደላላ እና ሁሉንም ከሦስተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ ሆነው የሚታዘቡ አንድ ሽማግሌ አሉበት። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ነዋሪዎቹን፣ ቢኳረፉም እንኳ፣ ደረጃ ላይ ማገናኘቱ አይቀርም፤ ለቀልድ ከዚህ የተሻለ መድረክ አላገኘሁም። ከላይ ወደ ታች መደርደሩ ደግሞ በስልክ ለሚያነብ ሰው ይመቻል። ደቡብ ኮሪያውያን ለስልክ የሚያዘጋጇቸው ኮሚኮች ወደ ታች የሚወርዱትም ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አደራደር የራሱ ጠባይ አለው። የአንባቢው ዓይን ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ግን ትወጣለች። የሚወድቅ፣ የሚንከባለል ወይም ሮጦ የሚያመልጥ ነገር ሁሉ ከንባቡ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ያለ ምንም ጥረት ይሳካል፤ መውጣትን በዚህ መንገድ ማሳየት ግን የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ የመውጣት ታሪኮችን ከመጨረሻቸው እጀምራለሁ። በመጀመሪያው ሳጥን ሴትዮዋ አራተኛ ፎቅ ደርሳ፣ ወገቧን ይዛ፣ ጀሪካኑን በሯ ላይ ታስቀምጣለች። በሁለተኛው ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ታች አዘንብለው ይታያሉ፤ በሦስተኛው ባዶ ደረጃ ላይ የፈሰሰ የውኃ ጠብታ ብቻ አለ፤ በአራተኛው ጥበቃው ቧንቧውን ከፍቶ «ውኃ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። አንባቢው የሴትዮዋን ድካም የሚያውቀው ደረጃውን በዓይኑ ሲወርድ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልመለስ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ በአብዛኛው በትልልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ መስመሩ እኩል ቁመት ይዞ በጠባብ ቦታ ይጠቀጠቃል። የእኛ 33 ዋና ዋና ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው፤ መልካቸውም የሚለየው ብዙ ጊዜ በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ጭረቷ እግሩ ላይ በወጣችበት ከፍታ ብቻ በመሆኑ፣ ጽሑፉ ከመጠን በላይ ካነሰ አንባቢው የሚገምተው እንጂ የሚያነበው አይሆንም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ሥዕልን በትልቅ ወረቀት ሠርቶ ማሳነስ መልካም ልማድ መሆኑ ነው። መስመሩ ሲያንስ ይጠራል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይደበቃል፤ ያው ማሳነስ ግን ፊደሉን ይገድለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ታትሞ በሚወጣበት መጠን እጽፋለሁ፤ ንግግሩን የሚከበውን መስመር፣ ማለትም ፊኛውን፣ በዙሪያው አሰምራለሁ፤ ሰዎቹን በቀረው ቦታ አስገባለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ ረጅም ክርክር እንዲከራከሩ ማድረግ ስለማይቻልም ሰዎቼ ቁጥብ ተናጋሪዎች ሆነዋል፤ ይህንም ከጉዳት አልቆጥረውም።

ሌላው የቃላቱ ርዝመት ነው። «አላስታወስኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ጠባብ ፊኛ ውስጥ ግን በአንድ መስመር አይገባም። የጥንት ጸሐፍት በብራና ላይ ይህ አያስጨንቃቸውም ነበር፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበረ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን ካሻቸው ፊደል ላይ ቆርጠው ወደ ቀጣዩ ይሻገሩ ነበር። ዛሬ ቃላትን በባዶ ቦታ ስለምንለይ እንዲህ የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል መስሎ ይታያል። ሁለት ነጥቡን ለሁሉም ሰው ብመልስ ጽሑፉ እንደ ድርሳን ሊነበብ ይችላል። በመጨረሻ ለሦስተኛው ፎቅ ሽማግሌ ብቻ መለስኩለት፤ የእሳቸው ንግግር በሁለት ነጥብ ተለይቶ ስለሚጻፍ አንባቢው ድምፃቸውን ዝግ ያለና የተመዘነ አድርጎ ይሰማዋል። ቃላቱን ሁሉ በእጄ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር ላይ ያሉት የፊደል ዓይነቶች አብዛኞቹ ለመጽሐፍና ለደብዳቤ የተቀረጹ ስለሆኑ፣ ጥበቃው ሲጮኽ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚያነብ ያስመስሉታል። የቻርሊ ብራውንን ታሪክ የሠራው ቻርልስ ሹልዝ ከ1950 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ 17,897 ክፍሎችን ያለ ረዳት ሲሠራ ፊደሉንም ራሱ ይጽፍ እንደነበር ሳስብ፣ አራት ፊኛ መጻፍ ሰለቸኝ ለማለት አፍራለሁ።

ፊደሉ የነሣኝን ቦታ ቋንቋው በሌላ በኩል ይክሰኛል። አማርኛ «አለ»ን አስከትለው የሚነገሩ እጅግ ብዙ የድምፅና የሁኔታ ቃላት አሉት። ጀሪካን ሲወድቅ «ጓ»፣ ሰው ሲወድቅ «ዘጭ»፣ በር ሲንኳኳ «ኳ ኳ»፣ አሮጌ በር ሲከፈት «ሲጥ» ይላል። ከእነዚህ ይልቅ የምወዳቸው ድምፅ የሌለውን ነገር የሚገልጹትን ነው። መብራት ሲጠፋ «ድርግም»፣ ሲመጣ «ቦግ»፣ ሰው ሲደነግጥ «ክው»፣ ግቢው ሰው ሲያጣ «ጭር» እንላለን፤ ሁሉም በትልቁ ተጽፈው ከሥዕሉ ጋር ሊዋሐዱ ይችላሉ። ጃፓኖች ማንጋ በሚሏቸው ኮሚኮቻቸው ለዝምታ የሚሆን ቃል በትልቁ ይጽፋሉ፤ እኛም ለዚሁ የሚሆን ቃል በአፋችን ላይ አለ፣ የሚቀረው መጻፉ ብቻ ነው። በመብራት መጥፋት ላይ በሠራሁት ክፍል ሦስቱ ሳጥኖች ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሲሆኑ፣ በነጭ የተጻፉት ሁለት ቃላትና የሽማግሌው አንድ ሳል ብቻ ናቸው። ሠርቼ ለመጨረስ ካሰብኩት በታች ጊዜ የወሰደ ክፍል ቢኖር እሱ ነው፤ ቀለም ግን ይፈጃል።

ኮሚክ ማንበቡም የሥራው ግማሽ ነው። የቲንቲን ፈጣሪ ኤርዤ ጥላ ሳይጠቀም እኩል ውፍረት ባለው መስመር ብቻ ቤቱንም ሰውንም መኪናንም እንዴት እንደሚለይ ማየት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ጣሊያናዊው የኮሚክ ሠዓሊ ሁጎ ፕራት በልጅነቱ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል፤ መርከበኛ ጀግናውንም በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በረሃዎች አምጥቶታል። በእኛው ሰዎች የተሠራው «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደግሞ የአዲስ አበባ ጎዳና ለልዕለ ኃያል ጀግና የሚበቃ መሆኑን አሳየ። እኔ ጀግና የመሣል ፍላጎት የለኝም፤ ከተማን በሚታወቅ መልኩ የመሣል ድፍረት ግን ከዚያ ወስጃለሁ።

ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስለናል እንጂ በሳጥን ከፋፍሎ ታሪክ መሣል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥኖች ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ላይ አጭር ጽሑፍ አክለው የሚሥሉ ሠዓሊዎች ሥራ በቸርችል ጎዳና የመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች ተሰቅሎ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይናቸው ሲያዩ፣ ከሃዲዎችና አጋንንት በጎናቸው ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ይህን ሥርዓት ሳላስፈቅድ ተውሼ ደላላውን ሁልጊዜ በጎን እሥለዋለሁ። ቤት ሲያሳይ፣ ኮሚሽን ሲቆጥር፣ «ውኃ እዚህ ሰፈር ጠፍቶ አያውቅም» ሲል አንድ ዓይን ነው። አንድ ጎረቤቴ ያለ ማንም አስረጂ ገብቷቸው ሳቁ፤ ከዚያም «እንግዲህ ሰውየው አንድ ቀን ደግ ነገር ቢያደርግ ምን ልታደርገው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ሙሉ ክፍል ስለሰጠኝ አሁን የምሠራው እሱን ነው። ደላላው ከሴትዮዋ እጅ ጀሪካኑን ተቀብሎ ይወጣል። በሦስቱ ሳጥኖች በጎኑ ነው፤ አራተኛው ሳጥን ላይ ፊቱን ባዞረው ለሽማግሌው የጻፍኩት ንግግር ቦታ ያጣል፤ በጎኑ ብተወው ደግሞ ጎረቤቴ አይለቁኝም። ለጊዜው የሽማግሌውን ንግግር ወደ ሁለት ቃል እያሳጠርኩ ነው።