በሐዋሳ ሐይቅ የሰመጠች ጀልባ ፍለጋን እንዴት እንዳቀድኩ

አርኪዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ ልቤ የቀረው ውኃ ውስጥ ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ ብላክ አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጠና የሰመጠ መርከብ አለ። የጫናቸው እንስራዎች በአክሱምና በአዱሊስ ከተገኙት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። የእኛን ታሪክ የተሸከመ መርከብ ሌሎች ሲያጠኑት ማንበብ ብቻ አላረካኝም። ስለዚህ ሙያውን ደጄ ባለው ውኃ ልለማመድ ብዬ፣ የቆዩ ዓሣ አስጋሪዎች ሰመጠች የሚሏትን ትልቅ የእንጨት ጀልባ ለመፈለግ ተነሣሁ።

መሣሪያ ከማፈላለጌ በፊት በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። በቱርክ ኡሉቡሩን በሚባል ቦታ የሰመጠው ጥንታዊ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1982 የታወቀው አንድ ስፖንጅ ለቃሚ ጠላቂ ከባሕሩ ወለል ያየውን ጆሮ ያለው ብረት በመናገሩ ነው፤ ነገሩ ከ3,000 ዓመት በላይ የቆየ የመዳብ ጥፍጥፍ ሆኖ ተገኘ። እኔም መረብ ሲጠግኑ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ መረብዎን የት የት ይይዝብዎታል?» አልኳቸው።

መርፌውን ሳያስቀምጡ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «የታቦር ተራራ ጫፍ ከዚያ ጣሪያ ጋር ሲገጥም፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ያ ዋርካ ከኮረብታው ጥግ ብቅ ሲል፣ እዚያ ነው ልጄ።»

ሁለት መስመር ሲቋረጥ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ የባሕር ካርታ ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። ሌሎቹን አስጋሪዎች አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ለየብቻ ጠየቅኩና መልሳቸው የተገናኘበትን ቦታ ብቻ በጂፒኤስ መዘገብኩ። ከዕቅዱ ሁሉ የምተማመንበት ክፍል ይህ ነው።

ከባዱ ሥራ የጠላቂዎች ደኅንነት ሆነ። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል የሚያሳየው የመጥለቂያ ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ስለሆነ የ18 ሜትር ጥልቀት እዚህ 22 ሜትር ሆኖ ይቆጠራል። ጠልቆ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ መጓዝም የለበትም፤ መንገዱ ሽቅብ ነውና በሰውነቱ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። የጉማሬዎቹን መዋያም ሆነ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የነገሩኝ እነዚያው አስጋሪዎች ናቸው፤ ሥራው ጠዋት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ውኃው ድፍርስ ስለሆነ በፎቶግራፍ ላይ አልተመካሁም። ጠላቂው ከመሐል በተተከለ ገመድ ዙሪያ እየተሽከረከረ በእጁ እየዳሰሰ ይፈልጋል፣ በሜትር ይለካል። ብረት የሚያነፈንፈው መሣሪያ፣ ማግኔቶሜትር፣ እንጨት ስለማይለይ ለኪራዩ የሚወጣውን ገንዘብ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት ወደሚለካ ሶናር አዞርኩት።

ከዕቅዱ ውስጥ «ማውጣት» የሚል ተግባር የለም። የዩኔስኮ እ.ኤ.አ. የ2001 የውኃ ውስጥ ቅርስ ስምምነት ቅርሱን ባለበት መጠበቅን ቀዳሚ ምርጫ ያደርጋል፤ ደግሞም ውኃ የጠገበ እንጨት ያለ ጥንቃቄ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለማጥናት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ማመልከቻው አሁን ተዘጋጅቷል። ፈቃዱ ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ በጀልባ እየተመላለሱ ሶናሩን ማንበብ ነው፤ ሶናሩ በነጥቡ ላይ ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር እስካላሳየ ድረስ ማንም ውኃ አይገባም።