የስጦታ ፈረስ ጥርስ

«ዶንት ሉክ ኤ ጊፍት ሆርስ ኢን ዘ ማውዝ» የሚለው፣ በስጦታ ላይ እንከን አትፈልግ የሚል የእንግሊዝኛ አባባል ወደ አማርኛ ሲመጣ አንድ ነገር ይጎድለዋል። «የስጦታ ፈረስ አፉን አትይ» ሲባል ጆሯችን አፍን ከንግግር ጋር ያያይዘዋል። የሚታየው ግን ጥርስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ቅዱስ ጄሮም በ4ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን ሲጠቅሰው የሕዝብ ተረት መሆኑን ገልጾ «ጥርሱን» ነው ያለው፤ ሩሲያውያንና ስፔኖችም ዛሬ ድረስ ጥርስ ይላሉ። እኔም «የሰጡህን ፈረስ ጥርሱን አትይ» ብል ይሻለኛል።

ጥርሱ ዕድሜ ይናገራላ! ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የታችኛውን መንጋጋ 6 የፊት ጥርሶች ማየት ነው። መሃለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ግድም ወልቀው በቋሚ ይተካሉ፤ ከጎናቸው ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል። 5 ዓመት የሞላው ፈረስ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ በየጥርሱ አናት ላይ ያለችው ጥቁር ጉድጓድ እየተፋቀች ትሄዳለች፤ ከመሃለኞቹ በ6፣ ከቀጣዮቹ በ7፣ ከዳሮቹ በ8 ዓመት ገደማ ትጠፋለች። ከ8 በኋላ ግምቱ ይላላል፤ አሸዋማ ግጦሽ ላይ የሚውል ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ያልቃላ። 10 ዓመት ግድም በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ብቅ ይላል፤ 20 አካባቢ እስከ ጫፉ ይወርዳል። አጭበርባሪ ሻጮች ያረጀውን ፈረስ ጥርስ ቦርቡረው፣ በጋለ ብረት አጥቁረው ጉድጓዷን ይመልሱለት ነበር። ገዢ አፍ ከፍቶ ቢያይ እውነቱን ነው።

ተቀባይ ሲያይ ግን ሰጪው ፊት ዋጋ እየተመነ ነው። ነውሩ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አባባሉ በገንዘብ ለተገዛ ዕቃ አይሆንም። ጓደኛው ያገለገለ ላፕቶፕ ሰጥቶት «ባትሪው ሁለት ሰዓት አይቆይም» እያለ ለሚያማርር ሰው ሦስተኛ ወገን ይለዋል፤ ወይም ሰው ለራሱ ይለዋል። ለሰጪው በቀጥታ መናገር ትልቅ ስህተት ነው፤ «እንከን አለበት፣ ዝም ብዬ ነው የተቀበልኩህ» እንደማለት ይሆናል። በነፃ የተገኘ መኪና ፍሬኑን መፈተሽንም አይከለክልም። ነፍስን መጠበቅና ዋጋ መተመን ለየቅል ናቸው።

ብዙዎች «ስትሬት ፍሮም ዘ ሆርስስ ማውዝ» (በቀጥታ ከፈረሱ አፍ) ከሚለው ጋር ያደባልቁታል። ያ ወሬውን ከራሱ ከባለቤቱ ሰማሁ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ አፍ ብሎ መተርጎም ልክ ነው።