ለቆሌ ቦቲ ጫማ

በአንድ የውዝዋዜ ቡድን ውስጥ የመድረክ አስተባባሪ ነኝ። ዕቃ ማጓጓዝ፣ አልባሳት መቁጠር፣ ጄኔሬተር መለመን፣ ሁሉም የኔ ነው።

ያኔ የምናዘጋጀው ትርኢት ስለ ጠፋ ወንዝ ነበር፤ ስለ አቃቂ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ዛሬም ይፈስሳሉ። የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። የጠፋው ሰው የሚዋኝበት፣ ጋቢ የሚያጥብበት ውሃ ነው። በትርኢቱ ላይ የወንዙ ቆሌዎች ቤታቸው ሲቆሽሽባቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሰደዳሉ።

አሰልጣኙ ልምምዱ እዚያው ወንዙ ዳር፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ በባዶ እግር ይሁን አለ። "ቆሌ ጫማ አያደርግም" ባይ ነው። ልጆቹ ጫማ ማውለቅ ሲጀምሩ፣ የጎመን ማሳ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ። (ጎመኑ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎመን ስገዛ የት እንደበቀለ እጠይቃለሁ።)

"ኧረ ልጆች፣ በባዶ እግር እንዳትገቡ!"

የአሰልጣኙ ዓይን በራ። ደብተሩን አወጣ። "አባባ፣ ቆሌው ይቆጣል ማለትዎ ነው?"

"የምን ቆሌ! ጠርሙስ አለ፣ መርፌ አለ። የፋብሪካው ፍሳሽ ደግሞ እግር ይልጣል።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አሰልጣኙ ግን አልለቀቃቸውም። ድሮስ? ድሮማ፣ አሉ፣ በቀትር ወንዝ መውረድ ክልክል ነበር፤ እናቶቻችን "ጋኔን ይመታሃል" ይሉን ነበር።

"አሁንስ?"

"አሁንማ እሱም አፍንጫውን ይዞ ሄዷል።"

የትርኢቱ ምርጥ ሐሳብ ከዚህች መልስ ወጣ። ቆሌዎቹ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው እንዲወዛወዙ ተወሰነ። ልምምዱም ወደ አዳራሽ ገባ። እስክስታው ላይ ቦቲው አላስቸገረም፤ ሥራው የትከሻ ነው። ዝላይ ያለበት ላይ ግን የእግሩ ኮቴ ከበሮውን ዋጠው። ከበሮ መቺው ተነጫነጨ፣ አሰልጣኙ ወደደው።

አሁን የትም ሜዳ ላይ ከመሥራታችን በፊት ቀድሜ ሄጄ እዚያ የሚውል ሰው እፈልጋለሁ። እረኛም ይሁን ዘበኛ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

የቀረው የፋይናንስ ጣጣ ነበር። የግዢ መጠየቂያው ላይ "ለቆሌዎች የሚሆን ቦቲ ጫማ" ብዬ ጻፍኩ። "ቆሌ የሚባል የሥራ መደብ የለንም" ብለው መለሱልኝ። "ለተወዛዋዦች" ብዬ አስተካከልኩ። "ተወዛዋዥ ቦቲ ምን ያደርግለታል?" አሉ። "ለወንዝ ዳር ሥራ" ብዬ ስጽፍ በዚያው ቀን ፈረሙ።