የቡና ገለፈት የሚበላ ባክቴሪያ

ጅማ ዙሪያ ጀንፈል የሚፈለፈልበት ቦታ ከጀርባው የገለፈት ክምር አያጣም። ደርቆ ከሚፈለፈለው ቡና ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ገለፈት ነው። ጥቂቱ ይነድዳል፤ የቀረው ዝናብ እየመታው ይበሰብስና እጣቢው ወንዝ ይገባል። አጎቴ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ባክቴሪያ እንደማሳድግ ያውቃል። ስንደዋወል «አንተ ልጅ፣ ይህን የሚበላ የላችሁም ወይ?» ይለኛል። አለን። እኔን የሚያሳስበኝ በልቶ ምን ይሰጠናል የሚለው ነው።

ገለፈትም ሆነ ጭድ ወይም የበቆሎ አገዳ በዋናነት የተሠራው ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ተክሉን ከሚያጠነክረው ከሊግኒን ነው። ሴሉሎስ ሲፈርስ ግሉኮስ ይወጣዋል፤ የጠላውም የዳቦውም እርሾ ይወደዋል። ከሄሚሴሉሎስ በአብዛኛው የሚገኘው ግን ዛይሎስ የተባለ ባለ አምስት ካርቦን ስኳር ነው፤ ይህን የተለመደው እርሾ አያብላላውም።

የአንጀት ባክቴሪያ የሆነው ኢ. ኮላይ ዛይሎስን በተፈጥሮው ይበላል፤ ነገር ግን የሚያወጣው ኢታኖል (ለነዳጅ የሚሆነው አልኮል) ከልዩ ልዩ አሲዶች ጋር የተደባለቀና ትንሽ ነው። ዛይሞሞናስ ሞቢሊስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ኢታኖል በማምረት የሚስተካከለው ጥቂት ሆኖ ሳለ ዛይሎስ አይበላም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሎኒ ኢንግራምና ባልደረቦቹ ከሁለተኛው ሁለት ዘረ መሎች ወስደው ለመጀመሪያው ሰጡት፤ እርሱም ከዛይሎስ ኢታኖል በብዛት ማምረት ቻለ። ሥራው በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን 5,000,000ኛ ፓተንት አገኘ። ሁለት ዘረ መል ብቻ! ይህን በተማሪነቴ ሳነብ ያደረብኝ አድናቆት ዛሬም አልቀነሰም።

በተግባር የሚያደክመው ከባክቴሪያው በፊት ያለው ሥራ ነው። ተክሉን በትኩስ አሲድ ስናፈርሰው ስኳሩ ብቻ አይወጣም፤ ከፊሉ ስኳር ተለውጦ ፉርፉራል የተባለ ባክቴሪያን የሚጎዳ ውሕድ ይሆናል። ጥቁር ቡናማው ፈሳሽ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፣ ሽታውም ልብስ ላይ ያድራል። በንጹሕ ስኳር ላይ በአንድ ሌሊት የሚበዛው ባክቴሪያ እዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ይደነዝዛል። ስለዚህ በኖራ እናጥበዋለን፣ እናጠልለዋለን፣ ደግሞም ባክቴሪያውን ቀስ በቀስ እናለማምደዋለን።

ለገለፈት ግን ኢታኖል ትክክለኛው ምርት አይመስለኝም። ነዳጅ ርካሽ ነው፤ ያን ሁሉ ድካም አይከፍልም። ሊግኒኑም ሳይነካ ይቀራል።

እኔ የምመርጠው ፕሴውዶሞናስ ፑቲዳን ነው። ይህ የአፈር ባክቴሪያ ከሊግኒን ከሚወጡት ቀለበት ያላቸው ውሕዶች አንዳንዶቹን ካቴኮል ወደሚባል ውሕድ አምጥቶ ቀለበቱን ይከፍተዋል፤ ያን ጊዜ ሙኮኒክ አሲድ ይሆናል። በተፈጥሮው እዚያ አይቆምም፤ እስከ መጨረሻው ይበላዋል። ኮሎራዶ ጎልደን ያለው፣ ያኔ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ይባል የነበረው ተቋም ተመራማሪዎች ቀጣዮቹን እርምጃዎች የሚመሩትን ዘረ መሎች አጠፉ። በዚህ ጊዜ ሙኮኒክ አሲዱ ተከማቸ። በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ይህንኑ በሃይድሮጅን ወደ አዲፒክ አሲድ ለወጡት። አዲፒክ አሲድ የናይለን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት በናይትሪክ አሲድ ሲሆን፣ ሲሠራ የሚለቀቀው ናይትረስ ኦክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ200 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ኢንግራም ዘረ መል ጨምሮ ያገኘውን እነዚህ ጨምረውም ቀንሰውም አገኙት።

ለቡና የሚያጓጓኝ ሌላም ምክንያት አለ። ገለፈት ውስጥ ካፌይን አለ፤ ብዙ ባክቴሪያ ደግሞ ካፌይን አይስማማውም። ነገር ግን ሲቢቢ5 የተባለ የራሱ የፑቲዳ ዝርያ ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ አፈር ተገኝቷል፤ እርሱ በካፌይን ብቻ መኖር ይችላል። የሚያፈርሱለት ኢንዛይሞችና ዘረ መሎቻቸውም ታውቀዋል። ካፌይን የሚበላና ከሊግኒን የናይለን ጥሬ ዕቃ የሚሰጥ በአንድ የባክቴሪያ ቤተሰብ ውስጥ ሲገኙ ሁለቱን ማጣመር እንዴት አያምረኝ?

ፑቲዳ ዛይሎስ አለመብላቱ እውነት ነው። ለዚያ ግን የኢ. ኮላይ የዛይሎስ ዘረ መሎች ገብተውለት በቤተ ሙከራ መብላት ጀምሯል። የሚከብደው ሙኮኒክ አሲዱን ከዚያ ጥቁር ፈሳሽ ለይቶ ማጽዳት ነው፤ ትልቁ ወጪ እዚያ ላይ ይመጣል። እኔ በሚቀጥለው ዓመት የምሞክረውም ይህንኑ ነው፤ ከበቆሎ አገዳ ሳይሆን ከጀንፈል ገለፈት ጀምሬ።