ማልኮም፣ ግባ!

እኛ ሰፈር ኮርነር ስትል ሁሉም ሰው የማዕዘን ምት ነው የሚመስለው፣ ስለዚ መጀመሪያ ኮርነርባክ ምን እንደሆነ ልናገርና ወደ ልቤ ጉዳይ እገባለሁ። የአሜሪካ ፉትቦል ላይ በአንዴ ከየቡድኑ 11 ሰው ነው የሚሰለፈው፣ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ 4 ሙከራ ይሰጠዋል፣ ኮርነርባክ ማለት ደግሞ ዳር ላይ ቆሞ የተጋጣሚን ፈጣን ኳስ ተቀባይ የሚይዘው ተከላካይ ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፣ ኮርነሩ አያውቅም። ተቀባዩ ፊት ለፊት ይሮጣል፣ ኮርነሩ ሲጀምር ወደኋላ ነው የሚሮጠው፣ ከ5 ያርድ በላይ ከሄዱ በኋላ ደግሞ መግፋት ክልክል ነው። ስራውን በደንብ ከሰራ ኳስ ወደሱ አትወረወርም፣ ካሜራም አያየውም። አንዴ ከተሸወደ ግን ሀገር ምድሩ ያየዋል። እኔ ቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኜ ነው ያደግኩት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሞላ በፊት፣ ክረምት ላይ መረሬው ጭቃ ጫማ እየጎተተ በሚያስቀርበት ሜዳ ላይ፣ እና ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ይገባኛል።

ጥር 25 ቀን 2007 ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። በዛ ሰዓት ከውጭ ስልክ ሲደወል ሰው የሞተ ነው የሚመስልህ፣ ልቤ ቆመ። እሱ ግን እየጮኸ "ያንተ ቦታ የሚጫወት ልጅ ነው ያሸነፈው! ተከላካዩ ነው!" ይለኛል። እዛ ገና እሁድ ማታ ነው፣ ሱፐር ቦውል፣ ማለት የአሜሪካ ፉትቦል የአመቱ ፍፃሜ፣ አሁን ማለቁ ነው። ከስራ ስወጣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ያቺን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየኋት አላውቅም።

ልጁ ማልኮም በትለር ይባላል። ሚሲሲፒ ውስጥ ቪክስበርግ የምትባል ከተማ ነው ያደገው፣ እናቱ አምስት ልጅ ለብቻዋ ነው ያሳደገችው። ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ገና አምስት ጨዋታ ከመጫወቱ ከቡድኑ ተባረረ፣ ከዛ ፓፓይስ የሚባል የተጠበሰ ዶሮ ቤት ተቀጥሮ ሲሰራ ቆየ። ተመልሶ እዛው ኮሌጅ ገባ፣ ቀጥሎ ዌስት አላባማ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በፈረንጆች 2014 ድራፍት ላይ፣ ማለት ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን፣ 256 ልጆች ሲመረጡ የሱ ስም አልተጠራም። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ የሚባለው ቡድን ለሙከራ ብቻ ና አሉት፣ ሄደ፣ ወደዱትና አስፈረሙት። አመቱን በአብዛኛው ተቀያሪ ሆኖ ነው ያሳለፈው፣ እና እዛች ሌሊት ላይ እስኪደርስ በፕሮፌሽናል ጨዋታ አንድም ኳስ ኢንተርሴፕት አድርጎ፣ ማለት የተጋጣሚን ውርወራ ቀምቶ፣ አያውቅም ነበር።

አሁን ጨዋታውን አስቡት። ግሌንዴል አሪዞና ነው፣ ፓትሪዮትስ የሲያትልን ቡድን 28 ለ 24 እየመሩ ነው፣ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው የቀረው። የሲያትሉ ጀርሜይን ከርስ ላይ ረጅም ኳስ ተጣለ፣ በትለር አብሮት ዘለለና በእጁ ነካት፣ ልክ ነው የተከላከለው፣ ምንም ስህተት የለበትም። ኳሷ ግን ከርስ በጀርባው ወድቆ እያለ እግሩ ላይ ነጥራ ነጥራ እጁ ላይ አረፈች። በትለር ተነስቶ ከሜዳ ገፍቶ አስወጣው እንጂ ልጁ ገብቶም ነበር። ሲያትል ነጥብ የሚቆጠርበት መጨረሻው መስመር ጋ ሊደርስ 5 ያርድ ቀረው። በትለር ወጥቶ ዳር ላይ ቆመ፣ በዛች ሰዓት ፊቱን ያየ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይጠፋውም፣ ያቺን ኳስ ዕድሜ ልኩን ሊሰማት ነው። ተከላካይ የነበረ ሰው ያቺን ስሜት ያውቃታል፣ ሁሉን ነገር ትክክል ሰርተህ ጎል ሲገባብህ ለማን ታስረዳለህ?

ቀጥሎ የሲያትሉ ኳስ ይዞ ሯጭ ማርሾን ሊንች ሮጦ 1 ያርድ ላይ ደረሰ። ሁሉም ሰው አሁንም ለሱ ይሰጡታል ብሎ ነው የሚያስበው። የፓትሪዮትስ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ሰዓት አላስቆመም፣ ሶስት ኮርነር ይግባ ተባለ፣ ያኔ ነው ብራያን ፍሎሬስ የሚባለው ረዳት "ማልኮም፣ ግባ!" ብሎ የጮኸው። ሮጦ ገባ። ሁለት ተቀባዮች ከፊትና ከኋላ ተደርበው ቆመዋል፣ ከፊት ያለው ከርስ ነው፣ እሱን ብራንደን ብራውነር ደረቱ ላይ ይዞ አላንቀሳቅስ አለው። የሲያትሉ ኳስ ወርዋሪ ራስል ዊልሰን ከኋላ ለሚመጣው ለሪካርዶ ሎኬት ወረወረ። በትለር ግን ኳሷ ሳትወጣ ነው መሮጥ የጀመረው፣ ከሎኬት ቀድሞ ደረሰ፣ ተላተሙ፣ ኳሷ እጁ ላይ ቀረች። 20 ሰከንድ ነው የቀረው። አለቀ።

ብዙ ሰው ዕድል ነው ይላል፣ ሲያትል ለሊንች አለመስጠቱ ነው ጥፋቱ ይላል፣ እስካሁን አሜሪካ ውስጥ የሚጨቃጨቁት በሱ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዛው ሳምንት ልምምድ ላይ የፓትሪዮትስ ተቀያሪ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ጂሚ ጋሮፖሎ ያንኑ የሲያትልን ጨዋታ አስመስሎ ለጆሽ ቦይስ ወርውሮለት በትለር ተበልጦ ተችዳውን (እንደኛ ጎል በለው) ተቆጥሮበታል፣ ቤሊቺክም እዛ ጋ መድረስ አለብህ ብሎት ነበር። ማለት ልጁ ተሸውዶ፣ ለምን እንደተሸወደ ተነግሮት፣ ያንን ነገር አእምሮው ውስጥ ይዞ ነው ሜዳ የገባው። ሁለቱ ተደርበው ሲቆሙ ሲያያቸው አወቃቸው፣ በቃ ይሄ ነው ነገሩ። የተከላካይ ችሎታ እግር ላይ ብቻ አይደለም፣ የተሸወዳትን ኳስ የማይረሳ ጭንቅላት ላይ ነው፣ እና ደግሞ በሰዓቱ የሚነግርህ ሰው ማግኘት ነው፣ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከዛ የፓትሪዮትሱ ዋና ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመውን መኪና ለሱ ሰጠው። በቀጣዩ አመት ቋሚ ሆነ፣ ለኮከቦቹ ጨዋታ ለፕሮ ቦውል ተመረጠ፣ በፈረንጆች 2016 ሲዝን ደግሞ አትላንታን ከ28 ለ 3 ተነስተው 34 ለ 28 ሲያሸንፉ ሁለተኛ የሻምፒዮንነት ቀለበቱን አገኘ።

አሁን ወደሚያመኝ ቦታ ልምጣ። ጥር 28 ቀን 2010 ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል፣ ጨዋታው የአክስቴ ልጅ ያለበት ሚኒያፖሊስ ነው፣ ውጭ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ነው ይለኛል፣ እኔ ጋቢ ለብሼ ስልኬን ይዤ በኢሞ እናወራለን። ሱፐር ቦውል ነው፣ ፓትሪዮትስ ከፊላደልፊያ ኢግልስ። የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር ካሜራው በትለርን አሳየው፣ እያለቀሰ ነበር። እኔ በደስታ መሰለኝ። ለካ እንደማይሰለፍ አውቆ ነው። ያን አመት ሙሉ የቡድኑ መከላከል ሜዳ ላይ ከነበረበት ከ97 በመቶ በላይ የተጫወተ ልጅ ነው፣ በሱ ቦታ ኤሪክ ሮው ገባ፣ በትለር ራሱ አንዴ ብቻ ለልዩ ቡድን (ኳስ በእግር ሲመታ ለሚገባው) ገብቶ ወጣ፣ በመከላከል አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። ኢግልስ 538 ያርድ ሄዱባቸው፣ ብሬዲ 505 ያርድ ወርውሮ ተሸነፈ፣ 41 ለ 33። የአክስቴ ልጅ "ለምን አያስገቡትም?" እያለ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን ልበለው።

ከጨዋታው በኋላ በትለር ቡድኑ ተስፋ እንደቆረጠበት፣ ቢገባ ጨዋታውን መቀየር ይችል እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናገረ። ቤሊቺክ ለቡድኑ የሚሻለውን ነው ያደረግነው ከማለት ውጪ የሚጨበጥ ምክንያት አልሰጠም። ቤሊቺክ ትልቅ አሰልጣኝ ነው፣ ስድስት ሱፐር ቦውል በዋና አሰልጣኝነት የወሰደ ሰው ነው፣ ክብሩን አልነካም፣ ግን በዚህ ነገር እስከዛሬ አልተዋጠልኝም። አለማሰለፍ መብቱ ነው። ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይሄን የምለው እኔም ላይ ስለደረሰ ነው። የሰፈራችን የክረምት ውድድር ፍፃሜ ደርሰን ነበር፣ እስከዛ ድረስ አንድም ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት ልታየኝ ከጎረቤት በርጩማ ተውሳ ሜዳው ዳር ተቀምጣለች። ማሊያ ሲታደል የኔ ቁጥር ለሌላ ልጅ ተሰጠ። አሰልጣኛችን አይኔን ሳያየኝ አለፈ። 90 ደቂቃ ሙሉ ሳሟሙቅ ዋልኩ፣ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ማታ እማዬ "ምን አጠፋህ ልጄ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አስራ ምናምን አመት ሆነው፣ አሁንም አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰዓት ተሳስቼ ነበር እንዴ፣ ተናግሬው ነበር እንዴ እያልኩ አስባለሁ። ሽንፈቱንማ ረስቼዋለሁ።

በትለር ከዛ በኋላ ቴነሲ ታይታንስ ጋ ለ5 አመት 61 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ ሶስት አመት ተጫወተ። በፈረንጆች 2021 አሪዞና ካርዲናልስ ወሰዱት፣ ያቺን ኳስ የቀማበት ስታዲየም እኮ የነሱ ሜዳ ነው፣ ግን ሲዝኑ ሳይጀመር በግል ጉዳይ ጫማ ሰቀለ፣ እዛ ሜዳ ላይ በነሱ ማሊያ አልተጫወተም። በ2022 ደግሞ ሀሳቡን ቀይሮ ወደ ፓትሪዮትስ፣ ወደዛው ወደ ቤሊቺክ ተመለሰ። ይሄን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ፣ እኔ ብሆን አልመለስም ነበር። ተጎዳና ሲዝኑ ሳይጀመር ተለያዩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው ክፍት ቦታ የሰፈር ልጆች አሰለጥናለሁ። 14 ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ ልጆች ጋር ጨዋታ ነበረን፣ ቀኝ ተከላካዩን ማስቀመጥ ነበረብኝ። ማሊያ ሳላድል በፊት ለብቻው ጠራሁትና በርከክ ብዬ "ስማ፣ ዛሬ አትጀምርም፣ ባለፈው ሁለቴ ኳሷን ብቻ እያየህ ልጁ ከጀርባህ አመለጠህ፣ ማክሰኞ እሷን እንሰራታለን" አልኩት። አይኑ እንባ ሞላ፣ ምንም አላለም፣ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ተመልሶ መጣ።

"ኮች፣ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው?"