ደብተር ሲዘጋ

ሀንድአውቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡት ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ቀጣዩ ይመጣል። ፈተና ላይ ግን ሀንድአውት የለም። አይቶ ማወቅና ሳያዩ ማስታወስ ለየቅል ናቸው። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ነበር። በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉት ግን 61 በመቶ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ የሚበልጡት ያነበቡት ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድዱ ማደር የሚያሞኘውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ደብተሩ ሲዘጋ ሁሉም ትኩስ ነው።

እንግዲህ ደብተር ዘግቶ መጻፍ ነው ጥናቱ። ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው ግን የፈተናው ዓይነት ነው።

ወርክ አውት (ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ማሳየት የሚጠይቅ ጥያቄ) ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀመር ጠፍቶበት አይደለም። የአንድ ምዕራፍ መልመጃ ሲሠራ የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ የምዕራፉ ርዕስ አስቀድሞ ነግሮታል። ፈተና ላይ ይህን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ከአራት አምስት ምዕራፍ ጥያቄ ለቅሞ፣ አደባልቆ፣ መልሱን ሸፍኖ መሥራት ይሻላል። የተሠራ ምሳሌ እያዩ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ማለት ሥራ አይባልም። ሲመልሱም ቁጥር ከመተካት በፊት ቀመሩን በፊደሉ ማስፈር ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር ቢሳሳት እንኳ አራሚው ለደረጃዎቹ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር ያገኛል። ካልኩሌተሩን ደግሞ ፈተናው ሳይጀመር ሳይን 30 ብሎ መሞከር ነው። 0.5 ካለ በዲግሪ ነው፤ -0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው፣ ሳይታወቅ ከቀጠለ ማዕዘን ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ያበላሻል።

የምርጫ ጥያቄ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። የተሳሳቱት አማራጮች የሚጻፉት በግማሽ የሚያውቀውን ሰው እንዲስቡ ታስቦ ነው። መከላከያው አማራጮቹን በእጅ ሸፍኖ መልሱን መጀመሪያ በራስ ማሰብ፣ ከዚያ መግለጥ ነው። "በስተቀር" እና "ያልሆነው" የሚሉ ቃላት ይሰመርባቸው። አንድ ጥያቄ ሲዘለል በመልስ ወረቀቱ ላይም የሚጠቆረው ክብ ካልተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ በየአሥሩ ጥያቄ ቁጥሩን ማመሳከር ነው።

ስህተት የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። አራት አማራጭ ኖሮት ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ሦስተኛ ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነስ? ጭፍን ግምት በአማካይ አያተርፍም አያከስርም። አንዱን አማራጭ በርግጠኝነት መጣል ከተቻለ ግን ከዘጠኝ ጥያቄ በአማካይ ሦስቱ ይገኛሉ፣ ስድስቱ ይሳታሉ፤ ከ3 ላይ 2 ተቀንሶ 1 ይተርፋል። "የመጀመሪያውን መልስ አትቀይር" የሚለው የተለመደ ምክርም አያስኬድም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶው ከስህተት ወደ ትክክል የሄዱ ሲሆኑ ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱት 25 በመቶ ናቸው። ምክንያት ካለ መቀየር ነው።

የጽሑፍ መልስ ዋናው ጣጣ ሰዓት ነው። 120 ደቂቃና 100 ነጥብ ከሆነ ለአንድ ነጥብ አንድ ደቂቃ ይያዛል፤ 20 ደቂቃ ለማንበብና ለማረም ይተርፋል። ባለ 25 ነጥቡ ጥያቄ 25 ደቂቃ ሲሞላው፣ ሐሳቡ ባይቋጭም ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው፤ አንድን መልስ ማሳመር የሚጨምረው ሁለት ነጥብ ቢሆን ነው፣ ያልተነካ ጥያቄ ግን ዜሮ ነው። "አወዳድር" ሲባል ስለ አንዱ አንድ ገጽ፣ ስለ ሌላው አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ገለጸ እንጂ አላወዳደረም። በየአንቀጹ አንድ መለኪያ ይዞ ሁለቱንም በዚያ መለካት ነው የሚጠበቀው።

የላብራቶሪ ተግባር ፈተና በሥዕል ብቻ ላጠና ሰው መራራ ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ፣ ነርቭ ቢጫ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ናሙና ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ቡናማ ነው። በቀለም ሳይሆን በቦታ፣ በግድግዳ ውፍረትና በጎረቤቱ መለየት መልመድ ያስፈልጋል። ወደሚቀጥለው ናሙና የሚያሸጋግረው ደወል ሲደወል መልሱ ባይመጣም ቦታውን ባዶ ትቶ በትክክለኛው ቁጥር ላይ መቀጠል ነው።

ኦፕን ቡክ (መጽሐፍ ከፍቶ የሚሠራ ፈተና) ሲባል ጥናት የሚተው ብዙ ነው። ፈተናው ላይ ገጽ ሲፈልግ የሚቆይ ሰው ግን ለመመለስ ጊዜ የለውም። አንድ ገጽ ላይ ርዕስና የገጽ ቁጥር በፊደል ተራ የያዘ ማውጫ በራስ እጅ ማዘጋጀት በየገጹ ከሚለጠፍ ሃያ ባለቀለም ወረቀት ይሻላል፤ እሱን ሲያዘጋጁም ግማሹ ይጠናል።

ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ታርሞ ሲመለስ ደግሞ የጎደለውን ነጥብ ሦስት ቦታ መክፈል ነው፦ የማላውቀው፣ ጥያቄውን አጣምሜ ያነበብኩት፣ ሰዓት ያለቀብኝ። ለፋይናል (ለመጨረሻው ፈተና) ተጨማሪ ንባብ የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄን እያሰመሩ በማንበብ፣ ሦስተኛው ሰዓት ይዞ የድሮ ፈተና በመሥራት ይስተካከላል።