ሉተር ሀገር የከፈልኩት አሥራት

ጀርመን በገባሁ ሰሞን አድራሻ ላስመዘግብ ሄድኩ። ፎርሙ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። የማርቲን ሉተርን ትምህርት የምትከተለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለሁ? ደረቴን ነፍቼ «ኢቫንጌሊሽ»፣ ወንጌላዊ ብዬ ሞላሁ። የሉተር ሀገር ነዋ፣ እንደ ዘመድ የሚቀበሉኝ መስሎኛል።

የነቃሁት የመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግብር ተቆርጧል። የሚሰላው ከደመወዝ ግብሩ ላይ ነው፤ እኔ ባለሁበት ሀኖቨር 9 በመቶ፣ ባቫሪያ ደግሞ 8። ከአሥራት በብዙ ያንሳል። ቢሆንም አዲስ አበባ በፖስታ አድርጌ በእጄ የምሰጠውን፣ እዚህ መንግሥት ሲሰበስብልኝ ግራ ገባኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ምን ጠፋህ? ሳትረሳ ተከፈለልህ» ብላ ሳቀች።

እሁድ ሄድኩ። ኦርጋን፣ ሰፊ አዳራሽ፣ ሃያ የማይሞሉ አዛውንት። እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ዝም ብዬ ወጣሁ።

የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ዳይፐር እቀይራለሁ። ለእናቴ «ሆስፒታል ነው» ብያት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 የልጁን ጨርቅ የሚያጥብ አባት ሰው ቢስቅበትም እግዚአብሔርና መላእክቱ ደስ ይላቸዋል ብሎ ጽፏል። አዲስ አበባ ስሰማው ስቄያለሁ። እሱም ቢሆን የሕፃን አለ እንጂ የዘጠና ዓመት ሰው አላለም።

አንዲት አሮጊት አሉ። ፊት ለፊት «ፍራው» (ወይዘሮ) እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ናቸው። የልጃቸውን ስም እንኳ ረስተዋል። አንድ ማታ መድኃኒት ስሰጣቸው «ቫስ ኢስት ዳስ?» አሉኝ። ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው መስሎኝ የመድኃኒቱን ስም ነገርኳቸው። ተቆጡ። ደግመው ጠየቁና ራሳቸው መለሱ፦ «እግዚአብሔርን ከሁሉ በላይ ልንፈራው፣ ልንወደው፣ ልንታመንበት ይገባል።»

ክው አልኩ። ይሄማ ትንሹ ካቴኪዝም፣ የእምነት መማሪያው መጽሐፍ ነው! ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያሳተመው፣ ከአሥርቱ ትእዛዛት ከእያንዳንዱ ቀጥሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» እያለ የሚጠይቀው። እሳቸው በልጅነታቸው በጀርመንኛ ሸምድደውታል፣ እኔ በአማርኛ።

ከዚያ ወዲህ የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ እንጫወታለን። «ሁለተኛው?» እላለሁ፣ ይወርዱታል። ባለፈው ግን አምስተኛው ላይ ቆሙ። በእኛ አቆጣጠር «አትግደል» ነው። ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ተንከራተተ። ጓንቴን እንዳጠለቅኩ፣ ዳይፐሩን በእጄ እንደያዝኩ፣ በአማርኛ ጨረስኩላቸው፦ «ባልንጀራችንን በሥጋው ልንጎዳው አይገባም፤ በሚያስፈልገው ሁሉ ልንረዳውና ልንደግፈው እንጂ።»

እማማ አማርኛ እንደሚያውቅ ሰው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ እንደ ድሮ አስተማሪ ጣታቸውን አነሱና «ሪሽቲሽ» አሉኝ። ልክ ነህ።